ደሙ ረግቷል ወይስ አልረጋም? የ20 ደቂቃውን ምርመራ በትክክል መሥራት

ቆላ የሠራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ነው። ከሰሊጥ አረም አንድ ልጅ በጓደኞቹ ትከሻ ተደግፎ ይመጣል። እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። እባብ ነው ይላሉ። ምን ዓይነት እባብ? አንዱ ጥቁር ነው ይላል፣ ሌላው አመድማ ነው ይላል፣ የተነደፈው ልጅ ደግሞ ጨልሞ ስለነበር ምንም አላየም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ፀረ መርዝ ጥቂት ቫያል ብቻ ነው። ውድ ነው፣ እንደ ልብ አይገኝም፣ ራሱም ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ይሰጠው ወይስ ይጠበቅ?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከሚረዱን ነገሮች ሁሉ የሚረክሰው አንድ የመስታወት ቲዩብ፣ ሁለት ሚሊ ሊትር ደምና ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት ነው። የ20 ደቂቃ የደም መርጋት ምርመራ ይባላል። መብራት አይፈልግም፣ ማሽን አይፈልግም፣ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅትም የእባብ ንድፊያ መመሪያዎቹ ላይ ይመክረዋል። ችግሩ በጣም ቀላል መሆኑ ነው። ቀላል ስለሆነ ማንም እንደመጣለት ይሠራዋል፣ እንደመጣለት ሲሠራ ደግሞ ምርመራው ይዋሻል። ስለዚህ ነው ከቲዩቡ ጀምሬ አንድ በአንድ ልጽፈው የተነሳሁት። በላብራቶሪ ሥራ ቆላ ላይ ያሳለፍኳቸው ክረምቶች ያስተማሩኝን ጨምሬበታለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር። ይህ ጽሑፍ ለጤና ባለሙያዎች ነው። የተነደፈ ሰው ቤታችሁ ወይም እርሻችሁ ላይ ካለ ደም መቅዳት ውስጥ አትግቡ። ቁስሉን በምላጭ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ ጥቁር ድንጋይ አትለጥፉበት፣ በገመድ አትሰሩት። እግሩ ወይም እጁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ፣ ቀለበትና አምባር ካለ አውልቃችሁ፣ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በእግሩ እንዲሄድ አታድርጉ።

መርዙ ደሙን ምን ያደርገዋል

ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን ደማችን ውስጥ ሟሙቶ ይዞራል። ጤነኛ ሰው በአንድ ሊትር ፕላዝማ ከ2 እስከ 4 ግራም አካባቢ አለው። ስንቆስል ትሮምቢን የተባለው ኢንዛይም ይህን ፕሮቲን ወደ ክር ይቀይረዋል፣ ክሩ መረብ ይሠራል፣ መረቡ የደም ሴሎቹን አፍኖ ይይዛል። ደም ረጋ የምንለው ይህን ነው።

አሁን በአፍሪካ ቀንድ ቆላማ ቦታዎች ያለችውን ትንሿን እፉኝት፣ ሳይንሱ ኤኪስ ፒራሚደም የሚላትን፣ እንውሰድ። ስትቆጣ ሰውነቷን አጣጥፋ ቅርፊቷን እርስ በርሱ እያሸች እንደ መጋዝ የምትንጫጫዋ ናት። መርዟ ውስጥ ፕሮትሮምቢንን፣ ማለትም ገና ያልነቃውን የትሮምቢን መነሻ፣ በቀጥታ ወደ ትሮምቢን የሚቀይር ነገር አለ። ስለዚህ መርዙ ደም ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ደም ማርጋት ነው። በመላው ሰውነት ጥቃቅን መረቦች ይሠራሉ፣ ሰውነት ደግሞ እነሱን ያሟሟል፣ እንደገና ይሠራሉ፣ እንደገና ይሟሟሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፋይብሪኖጅኑ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ደሙ ቢፈስ የሚያቆመው ነገር የለም። ድድ ይደማል፣ ሽንት ይቀላል፣ መርፌ የተወጋበት ቦታ እምቢ ብሎ ይፈሳል፣ አስከፊው ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈሰው ነው።

ብዙ ጊዜ ከውጭ ምንም ሳይታይ ደሙ የመርጋት አቅሙን አጥቶ ይገኛል። ልጁ ተቀምጦ ያወራችኋል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ጓደኞቹ ደህና ነው እንሂድ ይላሉ። ያን ጊዜ እውነቱን የምትነግራችሁ ቲዩቧ ናት።

መስታወት ለምን? ደም የመስታወት ግድግዳ ሲነካ ፋክተር 12 የሚባለው የመርጋት ሰንሰለት መነሻ ይቀሰቀሳል። መስታወቱ ለወተት እርሾ እንደማለት ነው፣ ሥራውን ያስጀምራል። ፕላስቲክ ይህን አያደርግም፣ ቢያደርግም በጣም ደካማ ነው። የጤነኛ ሰው ደም ፕላስቲክ ቲዩብ ውስጥ ከ20 ደቂቃ በኋላም ፈሳሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ዓረፍተ ነገር የላብራቶሪያችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ደስ ይለኛል።

ቲዩቡን መምረጥ፣ ሥራው ግማሹ እዚህ ነው

የሚያስፈልገው አዲስ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ምንም ያልተጨመረበት የመስታወት ቲዩብ ነው። ትንሹ ይሻላል፤ የውስጥ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ቁመቱ 75 ሚሊ ሜትር የሆነው ጥሩ ነው። ሰፊ ቲዩብ ውስጥ ትንሽ ደም ካስገባችሁ ከመስታወቱ ጋር የሚነካካው ክፍል ስለሚያንስ ውጤቱ ይለያያል። አንድ ዓይነት ቲዩብ መርጣችሁ ሁልጊዜ እሱን ተጠቀሙ።

የታጠበ ቲዩብ አትጠቀሙ። በኦሞም ይሁን በበረኪና፣ አንዴ የታጠበ መስታወት ግድግዳው ላይ የሚቀረው ነገር የመቀስቀስ ኃይሉን ይቀንሰዋል፣ ደሙም ጤነኛ ሆኖ ሳይረጋ ይቀራል። አጥቦ መጠቀም የለመደብን ነገር ነው፣ ዕቃ ስለሚያጥረን። ለዚህ ምርመራ ግን አይሆንም።

ወይንጠጅ ክዳን ያለው ቲዩብ ኢዲቲኤ አለው፣ ሰማያዊው ሲትሬት አለው፣ አረንጓዴው ሄፓሪን አለው። ሦስቱም የተሠሩት ደም እንዳይረጋ ነው፣ ስለዚህ አይሆኑም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። የሚያሳስተው ቀዩ ክዳን ነው። ድሮ ቀይ ክዳን ማለት ባዶ መስታወት ማለት ነበር። አሁን የሚመጡት ብዙዎቹ ቀይ ክዳኖች ፕላስቲክ ናቸው፣ ውስጣቸው ደግሞ ደም ቶሎ እንዲረጋ የሚያደርግ ዱቄት ተቀብቷል። ቢጫ ክዳን ያለው ጄልም እንዲሁ። እነዚህ ሌላ ነገር የሚለኩ ናቸው፣ የተዳከመ ደምን እንኳ ሊያረጉባችሁ ይችላሉ። ክዳኑን አትመኑ። ቲዩቡን በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት፣ የመስታወት ድምፅ ሌላ ነው። ከዚያ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የምሠራበት ቦታ መስታወት ቲዩብ አልቆ የመጣውን ሁሉ እንጠቀም ነበር። አንድ አረም ላይ የተነደፈ ሰው መጣ፣ እብጠቱ ትንሽ ነው፣ ደም ቀዳሁ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ስዘቀዝቀው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ነርሷ ፀረ መርዙን ልታወጣ ተነሳች። ደግነቱ ያን ቀን ከራሴ ክንድም ቀድቼ ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። የእኔንም ዘቀዘቅኩት። ፈሰሰ። እኔ ደግሞ እባብ አልነደፈኝም! ቲዩቦቹን ብርሃን ላይ አድርገን ስናያቸው ፕላስቲክ ናቸው፣ በጣም ጥርት ያለ ፕላስቲክ። ከመጋዘን አሮጌ የመስታወት ቲዩብ ካርቶን ፈልገን ደገምነው፣ የሁለታችንም ደም ረጋ። ሰውየው እስከ ማግስቱ ሲጠበቅ ቆይቶ ደህና ሆኖ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ማነጻጸሪያ ቲዩብ ሠርቼ አላውቅም።

ከመቅዳታችሁ በፊት

ጓንት፣ ስሪንጅ፣ አልኮልና ጥጥ፣ ሁለት የመስታወት ቲዩብ፣ ቲዩቡ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ራክ፣ ሴፍቲ ቦክስ፣ ሰዓት። ሰዓቱ የስልካችሁ ቆጣሪ ቢሆን ምንም አይደለም፣ ብቻ የሚጮህ ይሁን። ወረፋ በበዛበት ክፍል ውስጥ 20 ደቂቃን በግምት መያዝ አይቻልም።

ታካሚውን ሦስት ነገር ጠይቁት። መቼ ተነደፍክ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ፣ ለምሳሌ የልብ ቫልቭ ተቀይሮልህ ዋርፋሪን? ከዚህ በፊት ስትቆስል ወይም ጥርስ ስትነቀል ደምህ አልቆም ብሎ ያውቃል? በተፈጥሮ የሄሞፊሊያ ችግር ያለበት ሰው ያለ እባብም ደሙ ሊዘገይ ይችላል።

እግሩ በገመድ ታስሮ ከመጣ ገመዱን ላብራቶሪ ውስጥ ብድግ ብላችሁ አትፍቱት። መጀመሪያ ሐኪሙ ወይም ነርሷ የደም ሥር መስመር ይክፈቱለት፣ መርዙ በአንድ ጊዜ ሊለቀቅ ስለሚችል ሲፈታ ዝግጁ መሆን ያስፈልጋል።

አቀዳዱ

ካልተነደፈው እጅ፣ ክርን መታጠፊያ ላይ ካለው የደም ሥር ቅዱ። አንድ ጊዜ ወግቶ ማግኘት ነው ዓላማው። እዚህም እዚያም ከወጋችሁት ደሙ የማይረጋ ከሆነ እያንዳንዱ ቀዳዳ ይደማል። ከአንገት፣ ከአንገት አጥንት ሥርና ከጭን ሥር ፈጽሞ አትቅዱ፤ እዚያ ደም ከፈሰሰ ተጭኖ ማቆም ያስቸግራል። ከቆየ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ ከተተወ ቱቦ) ላይም አትውሰዱ፣ የገባው ግሉኮስ ወይም ጨው ውሃ ደሙን ያቀጥነዋል፣ በሄፓሪን ታጥቦ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ከንቱ ነው።

ቱርኒኬቱን (ክንድ ላይ የሚታሰረውን ማሰሪያ) ለረጅም ጊዜ አታጥብቁ። መርፌው ሥሩን እየፈለገ ሥጋ ውስጥ ሲንከራተት ከቆየ ያ ደም ከሥጋው ጭማቂ ጋር ስለተቀላቀለ ቶሎ ይረጋል፣ ተዉትና በሌላ ስሪንጅ ከሌላ ቦታ ጀምሩ።

ሁለት ሚሊ ሊትር ይበቃል። ለሕፃን፣ ቲዩቡ ትንሹ ከሆነ፣ አንድ ሚሊም ይሆናል። ዋናው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠን መጠቀማችሁ ነው። እንደቀዳችሁ ወዲያው መርፌውን ነቅላችሁ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣሉና ደሙን በቲዩቡ ግድግዳ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። አረፋ እንዳይሠራ፣ በኃይል አትግፉት። ደሙ ስሪንጁ ውስጥ ቆሞ እናንተ ስም ስትጽፉ እንዳይቆይ፣ ስሙን አስቀድማችሁ ጻፉ።

የተወጋውን ቦታ ከወትሮው ረዘም አድርጋችሁ ተጫኑ። ቶሎ ካልቆመ ያ ራሱ አንድ ምልክት ነው፣ ለሐኪሙ ንገሩት።

ሁለተኛው ቲዩብ ማነጻጸሪያው ነው። ከአስታማሚ ወይም ከሥራ ባልደረባ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ ጤነኛ ከሆነና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከማይወስድ ሰው፣ በተመሳሳይ ቲዩብ፣ በተመሳሳይ መጠን። በእያንዳንዱ ታካሚ ላይ ይህን ማድረግ ከከበዳችሁ ቢያንስ አዲስ ካርቶን በከፈታችሁ ቁጥርና ውጤቱ አልረጋም በሆነ ቁጥር አድርጉት።

20 ደቂቃው

ቲዩቡን ራክ ላይ አቁሙ፣ ሰዓቱን አስጀምሩ፣ ሂዱ። በቃ። አትንኩት።

ይህ በጣም የሚያስቸግረው ክፍል ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አስታማሚው በር ላይ ቆሟል፣ ሐኪሙ ምን ሆነ ይላል፣ እጅ ይበላል፣ በ10 ደቂቃ አንሥቶ ዘንበል አድርጎ ማየት ያምራል። እየተሠራ ያለውን መረብ የምትበጥሱት ያን ጊዜ ነው። እርጎ እየረጋ ሳለ ቅሉን የሚነቀንቅ ሰው ምን እንደሚያገኝ ታውቃላችሁ። ራኩን ሴንትሪፉጅ ያለበት ጠረጴዛ ላይም አታስቀምጡት፣ ይንቀጠቀጣል። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፣ መስኮት ላይ ፀሐይ አይመታውም። በክፍሉ ሙቀት፣ ጥላ ውስጥ ይቁም።

20 ደቂቃው ሲሞላ፣ 15 ላይ ወይም 40 ላይ ሳይሆን 20 ላይ፣ ቲዩቡን አንሥታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ በቀስታ ዘቅዝቁት። ጓንታችሁ እጃችሁ ላይ ይሁን፣ ከሥሩ ጥጥ ወይም ትሪ አድርጉ፣ ያልረጋ ደም ይፈሳልና።

ማንበብ

ደሙ ታች ተጣብቆ ከቀረ፣ ሲዘቀዘቅ ካልተንቀሳቀሰ፣ ረግቷል። ፈሳሽ ሆኖ ከወረደ አልረጋም፤ ፋይብሪኖጅኑ በጣም አልቋል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ በሊትር ግማሽ ግራም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው እንዲህ የሚሆነው። ማነጻጸሪያው ረግቶ የታካሚው ካልረጋ፣ በእኛ ቆላ የመርጋት ችግር ከሚያመጡ እባቦች በአንዱ ተነድፏል፣ መርዙም ሥራ ላይ ነው። ለሐኪሙ ሮጣችሁ ንገሩ። ወረቀት እስኪሄድ አትጠብቁ።

መሃል ላይ ያለው ነው የሚያስቸግረው። ግማሹ ይፈሳል፣ ግማሹ ትንሽ ኳስ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ሲነካ የሚፈርስ ለስላሳ ነገር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ረግቷል ብላችሁ አትጻፉ። እንዳያችሁት ጻፉ፣ "በከፊል ረግቷል፣ ፈራሽ" በሉ፣ ወዲያው ከማነጻጸሪያ ጋር ድገሙት። እኔ እንዲህ ያለውን እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳልረጋ ነው የምቆጥረው፣ በተለይ ታካሚው የሚደማበት ቦታ ካለ።

ውጤቱን "ፖዘቲቭ" ወይም "ኔጌቲቭ" ብላችሁ አትጻፉ። አንዱ ፖዘቲቭ ሲል ረግቷል ማለቱ ነው፣ ሌላው ደግሞ መርዝ አለ ማለቱ ነው። "ረግቷል" ወይም "አልረጋም" ብላችሁ ጻፉ። ማንም አይሳሳትበትም።

ሰዓት አጻጻፍ፣ በተለይ እኛ አገር

ይህን አንቀጽ አትዝለሉት። ፀረ መርዝ ከተሰጠ በኋላ ምርመራው የሚደገመው ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። የሐበሻ ሰዓትና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነትም 6 ሰዓት ነው! የጠዋቱ ተረኛ ፀረ መርዙን የጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው እንበል፣ ካርዱ ላይ "3:00" ብሎ ጻፈ። ድጋሚው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መሆን ነበረበት። የከሰዓቱ ተረኛ በፈረንጅ የሚያስብ ሰው ሆኖ ልክ በዚያው 9 ሰዓት ላይ ገብቶ ካርዱን ሲያይ፣ በእሱ ሰዓት ከቀትር በኋላ "3:00" ስለሆነ፣ አሁን ገና ተጀመረ ብሎ ያስባል፣ ድጋሚውንም ወደ ማታ ይወስደዋል። ልጁ ሳይታይ 12 ሰዓት ያልፈዋል። ስለዚህ "ከጠዋቱ 3፡00፣ በኢትዮጵያ ሰዓት" ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ፣ የሚደገምበትንም ሰዓት አስልታችሁ ጎኑ ላይ አስቀምጡ።

የሚጻፉት አራት ናቸው፦ የተነደፈበት፣ የደረሰበት፣ ደም የተቀዳበት፣ ፀረ መርዝ የተጀመረበት ሰዓት።

መቼ ይደገም

መጀመሪያ ሲመጣ ረግቶ ከተገኘ ሂድ አይባልም። መርዙ ገና እየገባ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፣ በዚያ ውስጥ ምርመራው ይደገም፦ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከመውጣቱ በፊት፣ እንዲሁም እብጠቱ ከጨመረ ወይም የትም ቦታ መድማት ከታየ በዚያው ቅጽበት። የተቋማችሁ መመሪያ ከዚህ ቶሎ ቶሎ ድገሙ ካለ እሱን ተከተሉ።

አልረጋም ሆኖ ፀረ መርዝ ከተሰጠ፣ የሚቀጥለው ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። ለምን 6? ፀረ መርዙ መርዙን ያቆመዋል እንጂ ፋይብሪኖጅን አይሠራም። ፋይብሪኖጅን የሚሠራው ጉበት ነው፣ ደም እንዲረጋ የሚበቃውን ያህል አምርቶ ለማውጣት 6 ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል። በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ብትሠሩት ፀረ መርዙ ሠርቶም ቢሆን አልረጋም ይላችኋል፣ ያለ ምክንያት ሁለተኛ ዶዝ ይባክናል። በ6 ሰዓት አሁንም ካልረጋ ግን ደም ውስጥ ያልተገታ መርዝ አለ፣ ሐኪሙ ዶዙን ይደግማል። ከረጋ በኋላም በ6 ሰዓት እንደገና፣ ከዚያም በማግስቱ ይታያል፤ ከተነደፈበት ቦታ መርዝ ቀስ እያለ ስለሚገባ የረጋው ተመልሶ ሊቀጥን ይችላል።

ይህ ድግግሞሽ ሌላም ነገር ይነግረናል፦ የያዝነው ፀረ መርዝ ለእኛ እባብ የሚሆን መሆኑን። ጋና ውስጥ አንድ ሆስፒታል ሲጠቀምበት የነበረውን ፀረ መርዝ በሕንድ እባብ መርዝ በተሠራ ሌላ ሲቀይር በንድፊያ የሚሞተው ሰው ከ1.8 በመቶ ወደ 12.1 በመቶ አሻቅቧል። የእስያዋ እፉኝትና የአፍሪካዋ ዘመዳሞች ናቸው፣ መርዛቸው ግን ይለያያል። እናንተ ጋ በተከታታይ ታካሚዎች ላይ ሁለት ዶዝ ተሰጥቶም ደሙ አልረጋ ካለ ያንን መዝግባችሁ ወደ ላይ አሳውቁ። የቫያሉን ስምና ባች ቁጥር ጭምር።

ደሙ ያልረጋ ሰው ጡንቻ ላይ መርፌ አይወጋም፣ የቴታነስም ቢሆን እስኪረጋ ይቆይለታል። ለሕመሙ ዲክሎፌናክ ወይም አስፕሪን አይሰጠውም። ቫይታሚን ኬም መፍትሔው አይደለም፤ የጎደለው ቫይታሚን ሳይሆን መርዙ የበላው ፋይብሪኖጅን ነው።

ምርመራው የማያየው

ረግቷል ማለት መርዝ የለም ማለት አይደለም። የአንዳንድ ኮብራዎችና የጥቁር ማምባ መርዝ የሚያጠቃው ነርቭ ነው። ደሙ ድንጋይ መስሎ ረግቶ ሰውየው የዓይኑ ሽፋን እየወደቀ፣ ምራቁን መዋጥ እያቃተው፣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ቲዩቡን ስትጠብቁ ፊቱን እዩ። ትልቋና ወፍራሟ እፉኝት፣ ቢቲስ አሪየታንስ፣ እግር አሳብጣ ሥጋ የምትገድል ናት፣ የእሷም ተጠቂ ደሙ ብዙ ጊዜ ይረጋል። ፀረ መርዝ የሚሰጠው በታካሚው ሁኔታ ሁሉ ተመዝኖ ነው።

በተጨማሪም ምርመራው መለስተኛ ጉድለት ያመልጠዋል። ስሪ ላንካ ውስጥ በ2013 የወጣ ጥናት በመደበኛ የሆስፒታል ሥራ ላይ ሲሠራበት የመርጋት ችግር ካለባቸው 100 ሰዎች 40 አካባቢ ብቻ እንደሚይዝ አገኘ። ብዙዎች ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጠውበታል። በ2017 እዚያው አገር ባለሙያዎች ሠልጥነው፣ የቲዩቡ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር፣ ደሙ አንድ ሚሊ ሆኖ በወጉ ሲሠራ 82 አካባቢ ያዘ። ያው ምርመራ ነው፣ ያው ዓይነት ታካሚ ነው። የተቀየረው አሠራሩ ነው።

ሌሎች የመርጋት መለኪያዎችም አሉ። ሊ እና ዋይት የተባሉ ሐኪሞች በ1913 ያወጡት ዘዴ ቲዩቡን 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አድርጎ በየጊዜው እያዘነበሉ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መቁጠር ነበር፣ የእኛም ምርመራ ዘሩ ከዚያ ነው። ፒቲ (ፕላዝማ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ) እና ከእሱ የሚሰላው ቁጥር አይኤንአር ግን ሌላ ናቸው። እነሱ በሰማያዊ ክዳን፣ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት፣ ምልክቱ ድረስ ተሞልቶ በማሽን ይሠራሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ክትትሉ በአይኤንአር ነው፣ ለብዙዎቹ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፣ የብረት ሚትራል ቫልቭ ላላቸው ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5። የ20 ደቂቃው ምርመራ ለዚህ አይሆንም፣ "ደሜን በቲዩብ እዩልኝ" የሚላችሁን የቫልቭ ታካሚ አይኤንአር ወዳለበት ላኩት። ፒቲ የሚሠራ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ለእባብ ንድፊያም ጎን ለጎን ሥሩት፣ መለስተኛውን እሱ ይይዘዋል።

ክረምት ሳይገባ

የጉልበት ሠራተኛው ከደጋ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ አብደራፊና ሁመራ መውረድ የሚጀምረው ሰኔ ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት አጨዳ ደግሞ ይበዛል። ግንቦት ላይ መጋዘናችሁን ክፈቱ። ስንት የመስታወት ቲዩብ አለ? ለአንድ ታካሚ ከድግግሞሹና ከማነጻጸሪያው ጋር ከስድስት እስከ አሥር ቲዩብ ይሄዳል፣ በዚያ አስሉና ጠይቁ። ሲመጣ ከካርቶኑ ሁለት አውጥታችሁ የራሳችሁን ወይም የባልደረባችሁን ደም ሞክሩበት። ከረጋ በማርከር ካርቶኑ ላይ "ለእባብ፣ ተፈትሿል" ብላችሁ ቀኑን ጻፉና ለሌላ ሥራ የማይነካበት ቦታ አስቀምጡት፣ የሌሊት ተረኛውም ቦታውን ይወቅ።